አንበሳሜ ያስቀረን አምፕሊፋየር

ጊታር የምጫወተው ለአውራጃው የኪነት ቡድን ነበር። ጠዋት ደብረ ታቦር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሕዝብ አነቃለሁ። ማንቃት ነበር የሚባለው። ገበሬው ግን እኛን ሊያይ የሚመጣው ከእኛ ቀድሞ ነቅቶ፣ በሬውን ጠምዶ፣ ግማሽ ማሳ ካረሰ በኋላ ነው።

ቡድኑን የሚመራው የባህል ክፍል ኃላፊው ነው። ለጥቂት ወራት አንድ ሶሻሊስት አገር ደርሶ መጥቷል። ይዞት የመጣው ትምህርት ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ይዞት የመጣው ካፖርት ግን ጥሩ ነበር። ሙዚቃ አያውቅም። አለማወቁን አልነቅፍም፤ ስንቱ ደግ ሰው ሙዚቃ ሳያውቅ ኖሮ ይሞታል። የሚያቃጥለኝ አለማወቁን አለማወቁ ነው። አንድ ቀን ክራር መቺያችን ክሩን ሲቃኝ ሰምቶ፣ «ይህን ዜማ አልወደድኩትም፣ ይቀየር» ያለ ሰው ነው። ክራር መቺውም «እሺ ጓድ» ብሎ ቅኝቱን ጨረሰ። ኃላፊው «አሁን ተሻሽሏል» አለን።

ከአንድ ሆቴል ተወርሶ የደረሰን አሮጌ አምፕሊፋየር አንድ ክረምት ላይ ጨርሶ ዝም አለ። አዲስ እንድንገዛ ከጎንደር ተፈቀደልንና እኔና ኃላፊው አዲስ አበባ ተላክን፤ እሱ ሊፈርም፣ እኔ ልመርጥ።

የምፈልገውን መንገድ ላይ አስቤ ጨርሼዋለሁ። ከደብረ ታቦር ወጣ ካልን መብራት የለም። መኪና የማይገባበት ቦታ ዕቃችንን የምናዞረው በአህያ ነው። ስለዚህ ቀላል፣ ስትወድቅ የማትሞት፣ ጊታሬን ስሰካባት የጊታሬን ድምፅ የምታወጣ ነገር ትበቃኛለች። ሌላ ጌጥ አልፈልግም።

ፒያሳ አካባቢ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ፍላጎቴን ስነግራቸው ከመደርደሪያው ሥር አንዲት ግራጫ ሣጥን ጎትተው አወጡ።

«ይቺ ትራንዚስተር ናት» አሉኝ። «እንደ ድሮው ሬዲዮ ውስጧ አምፖል የለም። የሚግል ነገር የላት፣ የሚረግፍ ነገር የላት። መብራት ካለ በመብራት፣ ከሌለ በመኪና ባትሪ ትሠራለች።»

በአንድ እጄ አነሳኋት። ከፊት ለፊቷ ሁለት ማዞሪያ ብቻ ነው ያላት፤ አንዱ ድምፅ ይጨምራል፣ አንዱ ድምፅ ያቀጥናል ያወፍራል። ጊታሬን ሰክቼ አንድ ክር መታሁ። አንድ ክር መለሰችልኝ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

ዞር ስል ኃላፊው የለም። ሱቁ ጥግ ላይ ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር ፊት ቆሞ፣ እንደ ፈረስ ጀርባ በመዳፉ እያሻሸው ነው። የሚያብለጨልጭ ጨርቅ ለብሷል፤ ቀይ መብራት አለው፤ ማዞሪያው እንደ ካፖርት ቁልፍ ተደርድሯል።

«ይሄ ነው» አለኝ።

«ጓድ ኃላፊ፣ ይሄ በአምፖል የሚሠራ ነው። መንገዳችንን ያውቁታል፤ አንድ ቀን ከተንገጫገጨ አምፖሉ ይረግፋል። ደግሞ ያለ ጄኔሬተር አይነሳም። ማን ይሸከመዋል?»

«አንተ ሁልጊዜ ትንሽ ነገር ነው የምታስበው። ንዑስ ከበርቴያዊ አስተሳሰብ የሚባለው ይሄ ነው።» ግራጫዋን ሣጥን በጫማው ጫፍ ነካ አደረጋት። «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ ከዚች የዶሮ ቆጥ ነው የሚወጣው? ለሰፊ ሕዝብ ሰፊ ሣጥን ነው የሚያስፈልገው።»

ባለሱቁ እኔን አዩኝ፣ እሱን አዩት፣ ከዚያ ትልቁን ለማሸግ ገመድ ፍለጋ ሄዱ።

ሐቁን ላውራ፤ ደብረ ታቦር አዳራሽ ውስጥ ሲከፈት ድምፁ ያምር ነበር። ሞቅ ያለ፣ ደረት የሚነካ ድምፅ አለው። ኃላፊው መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «አየህ?» ይለኛል። ከሰላምታ ይልቅ «አየህ?» ብሎ ከሚጀምር ሰው ጋር አንድ ከተማ መኖር ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል።

የዚያን ዓመት ለገበያ ቀን ዝግጅት አንበሳሜ ተላክን። አምፕሊፋየሩና ጄኔሬተሩ ከግብርና መሥሪያ ቤት በተዋሰነው ላንድሮቨር ሄዱ። ሣጥኑ እንዳይንገጫገጭ ፍራሽ ተነጥፎለት፣ ኃላፊው ከፊት ተቀምጦ በየኮረብታው «ቀስ!» እያለ። እኛ በእህል መኪና ላይ ተጭነን ከኋላ ተከተልን።

ከእኛ ጋር ዘፋኟ ነበረች። የቡድኑ ነፍስ እሷ ናት፤ የቀረነው አጃቢ ነን። ባሏ ወታደር ሆኖ ሰሜን ነው ያለው፤ እሷ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ያን ቀን ከመነሳታችን በፊት ጀምሮ ይበርዳታል። «ልቅር» ብትል ኃላፊው «የአብዮት ሥራ ብርድ አያውቅም» አላት፤ ካፖርቱን እንደለበሰ።

ዝግጅቱ አለቀ። ዘፈነች፤ እንዴት እንደዘፈነች አላውቅም። ከፊት የተቀመጡት ገበሬዎች የሣጥኑ ጩኸት ሲበዛባቸው ጋቢያቸውን ጆሯቸው ላይ ጠቀለሉ። «ኋላ ቀር ልማድ ይውደም» የሚለውን መዝሙራችንን ስንዘምር የደብሩ ቄስ ከገበያው ዳር ቆመው፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ ሰሙን። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። የእህል መኪናው ጭኖ ሄዷል። የቀረው ላንድሮቨሩ ብቻ ነው፤ ዘፋኟ በትኩሳት ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ የኋላው ወንበር ላይ ደግሞ አምፕሊፋየሩ ከነፍራሹ ተኝቷል።

«እሷን እናስገባት» አልኩት ኃላፊውን።

«የት? ቦታ የለም። ነገ በቅሎ ተፈልጎላት ትመጣለች።»

«ሣጥኑ ነገ ይምጣ። ዝናብ እንዳይነካው ሰው ቤት ይደር።»

«ይሄ የመንግሥት ንብረት ነው! የፈረምኩበት እኔ ነኝ። ቢሰበር ማን ይጠየቃል?»

«እሷስ አንድ ነገር ብትሆን?»

አሰበ። እውነቴን ነው፣ ቆሞ አሰበ።

«ለእሷ አልፈረምኩም» አለ።

ብዙ ክፉ ሰው አይቻለሁ። ክፉ ሰው ቢያንስ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ይህ ግን ክፉም አይደለም፤ ውስጡ ምንም የሌለበት ነው፤ ብታንኳኳው ባዶ እንስራ ነው የሚመልስልህ። ከእሱ ይልቅ የናቅኳቸው ደግሞ ክራር መቺውንና ከበሮ መቺውን ነው። ጉልበታቸውን አጥፈው ከሣጥኑ ጎን ተሰገሰጉ፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ጭቃው ላይ ተከሉ። ለሁለት ወንድ የተገኘ ቦታ ነበር እንግዲህ።

«ተወው ወንድሜ» አለችኝ ዘፋኟ። «ሂድ በለው። አብሬው ብሄድ ከዚህ የባሰ ያመኛል።»

ጊታሬን ከላንድሮቨሩ አውርጄ አብሬያት ቀረሁ።

ያስገቡን እኒያው ቄስ ናቸው። ቀኑን ሙሉ የሳቸውን ኑሮ ስንሳደብ ውለን፣ ሲመሽ በራቸውን ከፈቱልን። ሚስታቸው ዘፋኟን እሳት ዳር አስተኝተው፣ ዳማከሴ ጨምቀው አጠጧት፤ እግሯን በሞቀ ውኃ አጠቡላት። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ጽንሱም ደህና ነው፣ ሲንቀሳቀስ በእጄ ይሰማኛል» ይሏታል። ቄሱ ለእኔ ጠላ ቀዱና፣

«ልጄ፣ ያ ትልቁ ሣጥን ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ድምፅ ማጉያ ነው፣ አባ።»

«እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እንዲያ ደግፋችሁ፣ እንዲያ ጨርቅ አልብሳችሁ ስታወርዱት ታቦት መስሎኝ ልነሳ ነበር።»

ሚስታቸው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ዘፋኟ ከነትኩሳቷ ሳቀች። እንደምትድን ያን ጊዜ ገባኝ።

ትኩሳቷ እስኪለቃት እዚያው ቆይተን፣ በቄሱ በቅሎ እስከ መኪና መንገድ ሄደን፣ ደብረ ታቦር ገባን። ለካስ ሣጥኑ ከነፍራሹ፣ ከነ«ቀስ!»ው መንገድ ላይ ሁለት አምፖል ረግፎበታል። መለዋወጫው አዲስ አበባም አልተገኘም። ኃላፊው ስለ ዘፋኟ አንድ ቃል አልጠየቀኝም፤ ያለ ፈቃድ ከቡድኑ ተለይተሃል ብሎ ግለ ሂስ እንዳደርግ ስብሰባ ጠራ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ክራር መቺው እጁን አውጥቶ «ጓዱ ዲሲፕሊን ይጎድለዋል» አለ። «አዎ ይጎድለኛል» ብዬ ተቀመጥኩ። አምፕሊፋየሩ ኃላፊው ቢሮ ገብቶ ዳንቴል ለበሰ፤ የፕላስቲክ አበባ ተቀመጠበት። ለዚያ ሥራ በእርግጥ ሰፊ ነበር።

ዘፋኟ በሰላም ሴት ልጅ ወለደች።

በሚቀጥለው ዓመት የክፍለ ሀገሩ ውድድር ሲደርስ ድምፅ የሌለው ቡድን መሆናችን ታወቀና ሌላ አምፕሊፋየር እንድንገዛ ተፈቀደ። ኃላፊው በዚያ ሰሞን ስብሰባ በዝቶበት ነበር፤ ነገር የከሸፈበት ቦታ ተመልሶ መሄድ አይወድም። እኔ ተላክሁ። ዘፋኟም አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ ስለምትሄድ ሕፃኗን አዝላ አብራኝ መጣች።

ሽማግሌው ባለሱቅ አወቁኝ። የያኔዋ ሣጥን ተሸጣለች፤ የእሷ ቢጤ ሌላ አወጡልን።

«ባለፈው እኮ የማን ምርጫ ትክክል እንደሆነ ያውቁ ነበር» አልኳቸው። «ለምን ዝም አሉ?»

«ልጄ፣ አንተ ስለ ዕቃው አወራህ፤ እኔ ማኅተሙ በማን ኪስ እንዳለ አየሁ» አሉኝ፤ ሳያፍሩ።

ጊታር ሰካሁባት፣ በባትሪ አስነሳኋት፣ እንደበራች አንስቼ ነቀነቅኋት። አልተንኮሻኮሸችም፣ ድምጿም አልተቆረጠም። ዘፋኟ ልጇን እንዳዘለች ጎንበስ ብላ በአንድ እጇ አነሳቻትና ይዛት ሱቁን ዞረች።

«ይቺን ውሰድ» አለችኝ። «ሌላ ሰው ሳንለምን ራሳችን የምንይዛት ናት።»

መጀመሪያ የተጫወትንባት ይፋግ ነው። በአህያ አንድ ጎን ባትሪውን፣ በሌላው ጎን አምፕሊፋየሯን ጭነን ገበያው መሐል አወረድናት። ድምጿ እንደ ትልቁ አይሞቅም፤ ይህን አልክድም፣ ቀጥ ያለ፣ ትንሽ የደረቀ ድምፅ ነው። ግን ዘፋኟ ስትዘፍን ቃሉ ይሰማ ነበር፤ ማንም ጆሮውን አልጠቀለለም። አንዲት አሮጊት አጠገቧ ድረስ መጥተው «አንቺ ነሽ ወይስ ሣጥኑ?» ብለው ጠየቋት። «እኔ ነኝ እማማ» አለቻቸው።

መጨረሻ ላይ ኃላፊው ተነስቶ ንግግር አደረገ። ከባድና የቅንጦት መሣሪያ የከበርቴው ሥርዓት ርዝራዥ መሆኑን፣ እሱ የሚመራው ክፍል ብዙ አጥንቶ ከጭቁኑ ሕዝብ ጋር በእግሩ የሚሄድ ቀላል መሣሪያ መምረጡን ተናገረ። ክራር መቺው ቀድሞ አጨበጨበ። እኔ ዘፋኟን አየኋት፤ ልጇን ጡት እያጠባች በሳቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ብዙም ሳይቆይ ሹመት አገኘና ወደ ጎንደር ተዛወረ። በሽኝቱ ላይ ዘፋኟ ልጄ ታማብኛለች ብላ ቀረች። ልጅቷ ግን በዳዴ እንደ ጥጃ ትቦርቅ ነበር። እኔ ብቻዬን ተጫወትኩ። ሲወጣ እጄን ጨብጦ «ብዙ ሠራን» አለኝ። «መልካም መንገድ» አልኩት፤ ከዚያ የበለጠ ቃል ላወጣበት አልፈለግሁም። ማግስቱን አራተኛ ክፍል ገብቼ ክፍልፋይ አስተማርኩ።