በዘቢብ የተለጠፈው ጋዜጣ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ገበያ ዳር ካለች አንዲት ሱቅ ዘቢብ ልገዛ ገባሁ። ፍልሰታ ሊገባ ስለሆነ ለአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን የምሰጠው ነው። ባለሱቋ መዘነችልኝና እጇን ከጎኗ ወዳለው ባዶ ሚስማር ዘረጋች፤ ወዲያው ሰበሰበችው።

"እማማ፣ ፌስታል የለም። ተከልክሏል" አለችኝ። "የሚይዙበት አምጥተዋል?"

"አላመጣሁም።"

"ብሰጥዎ ደስ ባለኝ። ግን ቅጣት አለው፤ ተቆጣጣሪዎቹ ሲዞሩ ነው የሚውሉት።"

ይህን ስትል አንገቷን አስግጋ ወደ በሩ አየች።

ክልከላውን አልጠላሁትም። ክረምት ሲወጣ ወንዙ ዳር ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ ፌስታል ያፈራ ይመስላል። የጎረቤቴ ላም ፌስታል በልታ ሆዷ ተነፍቶ ስትሞት ቆሜ አይቻለሁ። መከልከሉስ ይሁን። ከሐሳቤ ያልወጣው የባለሱቋ አስተያየት ነው። ዘቢብ መዝኖ በር በር ማየትን አውቀዋለሁ። በደርግ ጊዜ አንኮበር ላይ፣ ገና ልጃገረድ ሳለሁ፣ እኔም እንዲሁ አይቻለሁ።

ያን ጊዜ ፌስታል የሚባል ነገር እኛ ዘንድ አልደረሰም። ባለሱቅ ጨውንም ስኳሩንም በርበሬውንም በጋዜጣ ጠቅልሎ ነበር የሚሰጠው። ጋዜጣው አንብበውት ከጨረሱት ሰዎች ዘንድ በኪሎ ይገዛል፤ ከዚያ በቁራጭ በቁራጭ ተቀዶ እቃ መጠቅለያ ይሆናል። ማንም ምን እንደተጻፈበት አያይም ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ግን የደርጉ ሊቀመንበር ፎቶ ያለበት ቁራጭ ጭቃ ላይ ተረግጦ ተገኘ። ጨው የተጠቀለለበት ነበር። ጨው የሸጠው ሰውዬ ከሱቁ ተወሰደ፤ ሱቁ ታሸገ። በማግስቱ ጥሩምባ ተነፍቶ ከእንግዲህ በሱቅም በገበያም በጋዜጣ እቃ መጠቅለል ተከልክሏል ተባለ። የጠቀለለም ያስጠቀለለም በአንድነት ይጠየቃል። ባለጨው አልተመለሰም። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ትሄዳለች፣ ስንቁን ይዛ ትመለሳለች።

ከዚያ ወዲህ የአንኮበር ሰው ገበያ ሲወጣ ቅል፣ አገልግል፣ ከረጢት ይዞ ሆነ። የሚይዝበት የሌለው በቀሚሱ ጫፍ ቋጥሮ ይገባል።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ስለ አንድ ስብከታቸው ቀበሌ ተጠርተው አድረው ተመልሰዋል። ምን እንዳሏቸው አልነገሩንም። እናቴ ግን ከዚያ ጀምሮ በር በተንኳኳ ቁጥር ከተቀመጠችበት ትነሳለች፤ ያው ጎረቤት እሳት ልትጭር መጥታ ቢሆንም ትነሳለች።

በፍልሰታ ጾም መካከል የቅዳሴው ዘቢብ አለቀ። አባቴ ታጥቦ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ሰጡኝና ወደ አሊዩ አምባ ላኩኝ። "ለሥጋ ወደሙ ነው" አሉኝ። "ጨርቁ ሌላ ነገር አይንካው።"

ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ መውረድ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር እንደመሄድ ነው። ላይ ጉሙ እንደ እርጥብ ጋቢ ትከሻ ላይ ይጫናል፤ እግር በጭቃው ይንሸራተታል። ወደ ታች ሲወርዱ ጉሙ ከላይ ይቀራል። ፀሐይ ይወጣል፣ ልብስ ይደርቃል፣ የሎሚና የማንጎ ሽታ ይመጣል። ገበያው ሞቅ ያለ ነበር። በበርበሬ ክምርና በጨው መካከል ሰው ይጋፋል።

ጨርቁን ደረቴ ላይ አጣብቄ እየሄድኩ ከሥጋ ሻጮቹ ጎን ሳልፍ አንዱ መጥረቢያውን አሳረፈ። የስብና የደም ፍንጣቂ መጥቶ ጨርቁ ላይ አረፈ። ትንሽ ነው፤ የጤፍ ፍሬ ያህል። ለእኔ ግን ጨርቁ አበቃለት። ለቅዳሴ የሚሆን ዘቢብ፣ ሥጋ የነካው ጨርቅ ውስጥ፣ ያውም የእስላም ሥጋ! ሌላ ሰው ቢሆን አጥፎ በሌላው ጎኑ ይይዝበት ነበር። እኔ ያደግሁት የቄስ ቤት ነው፤ ሐሳቡም አልመጣልኝ።

ዘቢብ የሚሸጡልን ሽማግሌ ሼህ ሰይድ ይባላሉ። አባቴን ያውቋቸዋል። የሆነውን ስነግራቸው ከልባቸው አዘኑ።

"ለቁርባን ከሆነማ እንዲህ ባለ ነገር አንሰጥም" አሉ። ሣጥናቸውን ከፍተው ከሥር ያልተዘረጋ አዲስ ጋዜጣ አወጡ። "ይኸውልሽ፣ ከታተመ ማንም አልከፈተውም። ከዚህ የነጻ ነገር እኔ ዘንድ የለም።"

ክልከላውን እሳቸውም ሰምተዋል። እኔም ሰምቻለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ሁለታችንም ያሰብነው ስለ ንጽሕና ብቻ ነበር። ጋዜጣውን ከፍተን አላየነውም። ዘቢቡን መሐሉ ላይ አፍስሰው አጥብቀው ጠቀለሉልኝ።

ዳገቱን ስጀምር ዘምዘምን አገኘሁ። ዘምዘም የአሊዩ አምባ ልጅ ናት፤ ጫት በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ አንኮበር እያመጣች ትሸጥ ነበር። ሕፃን ልጇን አዝላ፣ እስሩን ተሸክማ፣ ዳገቱን እየዘፈነች የምትወጣ ሴት። ቤታችን ደጃፍ ስታርፍ እናቴ ውሃ ትሰጣታለች።

"የቄስ ልጅ!" አለችኝ። "ፊትሽ አመድ መስሏል። ዛሬም ሳትበዪ ነው?"

"እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው።"

"በይ እኔ እየበላሁ አንቺ ጹሚልኝ" ብላ ሳቀች።

ምንጩ ጋ ስንደርስ አረፍን። ዘቢብ ሲሞቅ እንደሚያንጠባጥብ አላውቅም ነበር። ጥቅሉ ረጥቦ ጎኑ ተላቅቋል። ላስተካክለው ከፈት ሳደርገው ሊቀመንበሩ ከውስጥ አዩኝ።

ሙሉ ገጽ ነበር። ኮፍያቸውን አድርገዋል። አንድ ዘቢብ ዓይናቸው ላይ ተጣብቋል፤ የዘቢቡ ማር በጉንጫቸው ወርዷል።

የታየኝ ባለጨው አይደለም፤ አባቴ ናቸው። ቀድሞውንም ስማቸው የተያዘ ቄስ፣ ልጃቸው የሊቀመንበሩን ፊት ዘቢብ መያዣ አድርጋ ዕቃ በሚፈተሽበት ኬላ ላይ ትያዛለች። ሁለተኛ ጊዜ ከተጠሩ እንደማይመለሱ ማንም ባይነግረኝም አውቄያለሁ።

"እትዬ ዘምዘም" አልኳት። አሳየኋት።

ሳቋ ጠፋ። ወደ ታች አየች። ከበስተኋላችን ገበያተኛ በመስመር ይመጣል። ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም።

"ልቅደደው?"

"እንዳትነኪው! ቀደደች ቢሉሽስ?"

"ገደል ልጣለው?"

"ነፋሱ ይዞት ይመጣል። ሰው ያያል።"

"እሺ ልዋጠው?"

"ይሄን የሚያህል ፊት ትውጫለሽ?" አለችና አፏን በእጇ ያዘች። እሷም ፈርታለች፤ ግን ሳቁ አመለጣት።

ከዚያ ፈጠን ፈጠን አለች። የጫቱን እስር ፈታችና ትልቁን የሙዝ ቅጠል አውጥታ ምንጩ ላይ አለቀለቀችው። ዘቢቡን ገለበጥንበት። ጋዜጣውን በአራት አጥፋ፣ ሕፃኑን ያዘለችበት አንቀልባ ውስጥ ሳይሆን፣ እጇ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ያዘችው።

"ደብቂው እንጂ!"

"የተደበቀ ነው የሚፈለገው" አለችኝ። "አንቺ ዝም በይ። ከጠየቁሽም አላውቅም በይ።"

ወደ ላይ ስንወጣ ጉሙ እንደገና ዋጠን። ኬላው ከተማው መግቢያ ላይ ነው፤ የጭቃ ጎጆ፣ የጣውላ በር፣ አግዳሚ ግንድ። ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጥበቃ ቆሟል። አንገቱ ረጅም፣ ወጣት ሰው ነው። የጫቱን እስር ገለባበጠ፣ ቅጠሌን በጣቱ ነካ፣ አለፈው። ከዚያ ጋዜጣውን አየ።

"እሱ ምንድን ነው?"

"ፎቶ ነው ጓድ። የሊቀመንበራችን።"

ተቀብሎ ዘረጋው። እመቤቴ ማርያምን በልቤ እጠራለሁ፣ ከስሟ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

"ጫት ሻጭ መቼ ነው ጋዜጣ አንባቢ የሆነችው?"

"ማን ያነበዋል? የቤቴ ግድግዳ ጭቃው እየረገፈ ልጄ ላይ ነው የሚወርደው። ልለጥፍበት ነው። ታዲያ ከለጠፉ አይቀር የሚያምረውን ነው እንጂ!"

"ይሄ ዓይናቸው ላይ ያለውስ?"

"ሙጫ።"

"ሙጫ?"

"የዘቢብ ሙጫ። አንዱን ሞክሬው ነው። ሰው በዱቄት ይለጥፋል፤ የእኔ ቤት ዱቄት ግን ይበላል።"

ጣቱን ፎቶው ላይ አሳረፈ። ተጣበቀበት። አላቀቀው፤ አሸተተው። ከጉሙ በስተቀር የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። የዘምዘም ልጅ ጀርባዋ ላይ አስነጠሰ።

"ይይዛል?" አላት።

"እንዴታ!"

"እስቲ እዚሁ በሩ ላይ ለጥፊው።"

ዘምዘም ዞር ብላ አየችኝ። "የቄስ ልጅ፣ ዘቢብ ስጪኝ" አለች። ድምጿ አልተለወጠም፤ እጇን ዘረጋችልኝ።

ለቅዳሴ ከተገዛው ዘቢብ አንድ እፍኝ ሰጠኋት። በመዳፏ ጨፈለቀችው፣ ከጣራው በሚንጠባጠበው ውሃ አራሰችው፣ ጣውላው ላይ ቀባችው። ጋዜጣውን አሳረፈች። የላይኛው ጥግ ተነሳ። ጫነችው። ተነሳ። በአውራ ጣቷ ይዛ ቆየች፤ ጥፍሯ ነጣ። ከዚያ ቀስ ብላ ለቀቀችው።

ያዘ።

ጥበቃው ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?"

አባቴን መካድ አልቻልኩም። ስማቸውን ነገርኩት።

ፈገግ አለ። "በይ ሂጂ። ይሄ ከወደቀ ግን የማን ልጅ እንደሆንሽ አውቄያለሁ።"

ቤት ገብቼ ሁሉንም ለአባቴ ነገርኳቸው። እናቴ ቆማ ነበር የሰማችው። አባቴ የሙዝ ቅጠሉን ፈተው አዩ። ጫት የተጠቀለለበት ነው፤ ሥጋ ከነካው ጨርቅ በምን ይሻላል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ቅጠሉን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው" አሉ። "ዘቢቡ ደግሞ ይታጠባል። ለቅዳሴ ሁልጊዜም ይታጠባል፤ ይህን አታውቂም?"

አላውቅም ነበር። ያን ቀን ማታ ከጸለዩ በኋላ የዘምዘምንና የልጇን ስም ሲጠሩ ሰማሁ።

ፍርሃቱ ግን ያን ቀን አላበቃም። ውሃ ስቀዳ፣ እንጨት ስለቅም፣ ያ በር ይታየኛል። በኬላው ባለፍኩ ቁጥር ቀድሜ የማየው ሰውየውን ሳይሆን ወረቀቱን ነበር። ዝናብ ሲወርድ ይረጥባል ብዬ እፈራለሁ። ዝናቡ ሲያባራ ደርቆ ይላቀቃል ብዬ እፈራለሁ። ጉንዳን ጣፋጩን አግኝቶ በዓይናቸው በኩል ሲመላለስ አይቼ ምሳዬን መብላት አቃተኝ። ልጃገረዶች ስለ ትዳራቸው በሚሳሉበት ዕድሜ እኔ "እመቤቴ፣ አጥብቀሽ ያዥልኝ" እያልኩ ለወረቀት እሳል ነበር። ዘምዘምም ስታልፍ እስሯን የምታስተካክል መስላ ጥጉን በአውራ ጣቷ ጫን ታደርገዋለች።

መስከረም አልፎ የጥቅምት ነፋስ ገባ። አንድ ጠዋት ከበስተላይ ስመጣ ወረቀቱ ከላይ ተላቅቆ፣ ፊቱን ወደ መሬት ደፍቶ ተንጠልጥሎ አየሁት። እግሬ መሬቱ ላይ ተተከለ። ጥበቃው ብቻውን ነበር፤ እኔን አላየኝም። ወረቀቱን ሲያይ ደነገጠ። ጠመንጃውን ከግድግዳው አስደገፈ። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ከዚያ ከኪሱ ጉርሻ የምታህል እንጀራ አወጣ፤ አኝኮ፣ ጣውላው ላይ ቀብቶ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ጫነው። ልክ እንደ ዘምዘም ጥፍሩ እስኪነጣ ይዞ ቆየ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ምን ይል እንደነበር አላውቅም፤ የሚጸልይ ሰው ከንፈር ግን አውቃለሁ።

ለካ እሱም በሩን ሲጠብቅ ነው የከረመው። ኬላው ላይ ከወደቀ እሱንም የሚጠይቅ አለ።

ዞሬ በሌላ መንገድ ሄድኩ። ከዚያን ቀን በኋላ በኬላው ሳልፍ እግዜር ይስጥልኝ እለው ጀመር። መጀመሪያ ግራ ገባው። በኋላ ይመልስልኝ ነበር። ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ፣ ከዚያ ነጥቶ፣ የማን ፊት እንደሆነ እስከማይታወቅ ድረስ በሩ ላይ ቆየ። አባቴን ሁለተኛ የጠራቸው የለም። አርጅተው፣ በአልጋቸው ላይ፣ ቆርበው አረፉ። ከዚህ በላይ ምን እለምናለሁ?

ዘምዘምም ካረፈች ቆየች። ስሟን በጸሎቴ አነሳለሁ፤ ይህን የሚከለክለኝ የለም።

ሱቋ ውስጥ ይህ ሁሉ በሐሳቤ ሲያልፍ ባለሱቋ ዘቢቡን በሚዛን ላይ እንዳለ ይዛ ትጠብቀኛለች። አሁንም በሩን ታያለች።

"አይዞሽ ልጄ" አልኳት። "የሙዝ ቅጠል አለሽ?"

"የምን ቅጠል እማማ?" አለችና ሳቀች። ስትስቅ ከበሩ ዓይኗን አነሳች።

የነጠላዬን ጫፍ ዘርግቼ አስገለበጥኳት። ቋጠርኩት። ማሩ ነጠላዬን አልፎ መዳፌን ሲያጣብቀው ይሰማኝ ነበር። መንገድ ላይ ቆም ብዬ አልፈታሁትም፤ እንደቋጠርኩት ቤተ ክርስቲያን ወስጄ ሰጠሁ። እዚያ ይታጠባል።