ሁለተኛው ጉርሻ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ ለእጄ ያደረገውን ሳልናገር ዛሬ ወደ ቤቴ ብመለስ ይቆጨኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ። ባለቤቴን ግርማን ታውቁታላችሁ፤ እሱ ሁለት ቃል ተናግሮ ይቀመጣል። እኔ ግን ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም።

ከአደጋው በፊት ላፍቶ ፀጉር ቤት ነበረኝ። ሹሩባ ስሠራ «የትርሲት ጣት አይታይም» ይሉኝ ነበር። ግርማ እሁድ እሁድ «ነይ፣ አብረን ቸርች እንሂድ» ሲለኝ፣ «አንተ ጸልይ፣ እኔ ልሥራ» እለዋለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የማምነው እጄን ነበር።

አንድ ቀን መካኒሳ ላይ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ሐኪሙ ግርማን ወደ ጎን ጠርቶ፣ «አንገቷ ላይ ሕብለ ሰረሰሯ ተጎድቷል። ትተርፋለች፤ የእጇን ነገር ግን እንጃ» አለው። እኔም ሰማሁት፤ ጆሮዬ ምንም አልሆነም። ክንዴን ማንሳት እችላለሁ፣ ጣቶቼ ግን የሌላ ሰው ጣት ሆኑብኝ።

የከበደኝ አልጋው አይደለም፣ ወገኖች። ጉርሻው ነው። ጉርሻ የሚጥመው ስትመልሱት ነው፤ እኔ ግን ጠዋት ማታ እየጎረስኩ መመለስ አቃተኝ። ግርማ አናጢ ነው፣ ጉርሻውም እንደ እጁ ትልቅ ነው። አፌን ሞልቶ፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» እያለ ይደግመኛል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ፊቴን አዞርኩበት። «አታጉርሰኝ። ሂድና ጤነኛ ሴት አግባ» አልኩት። እሱ የጠቀለለውን መልሶ ሰሃኑ ላይ አስቀመጠና እዚያው ጸለየ። «ጌታ ሆይ፣ ሚስቴ ተቆጥታለች። እኔ አላውቅበትም። አንተ አጉርሳት» አለ። ጸሎቱ ይኸው ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ለቅሶዬ መጣ። «ጌታ ሆይ፣ በእጄ ታምኜ ነበር፣ እሱም የለም። አንተ ተቀበለኝ» አልኩ። ሕይወቴን ለጌታ የሰጠሁት ወጡ አገጬ ላይ እንዳለ ነው። ስሙ ይባረክ።

ከዚያ በኋላ ነው ነኢማን ያገኘናት። ፊዚዮቴራፒስት ናት። ክንዴ ላይ ተለጣፊ ነገሮች ለጠፈችና በቀጭን ሽቦ ከአንዲት ትንሽ ሳጥን ጋር አገናኘቻቸው። «ከአንጎልሽ የሚመጣው ትእዛዝ አንገትሽ ላይ ይደናቀፋል። ይህቺ ደግሞ እያረፈች ጡንቻሽን በቀላል ኮረንቲ ትቀሰቅስልሻለች። አንቺም አብረሽ ለመጨበጥ ሞክሪ» አለችኝ። እናቴ «ልጄን ኮረንቲ ልታስይዢያት ነው?» ብላ ልትጣላት ተነሳች። ነኢማ አልተቆጣችም፤ መጀመሪያ በራሷ ክንድ ላይ ለጥፋ አሳየቻት። «ሁሉም ሰው ላይ እኩል አይሠራም፣ እማማ። ኢንሻ አላህ እንሞክራለን» አለቻት።

ቤት ወስደን እንድንለማመድበትም ሳጥኑን ሰጠችን። አንድ ቅዳሜ የጸሎት ቡድናችን ወደ ቤታችን መጣ። ሽማግሌያችን ጋሽ ደምሴ እጄን ይዘው እየጸለዩ ነው። ግርማ ሆዬ ሳጥኑን ማጥፋት ረስቷል፤ ሽቦው በነጠላዬ ተሸፍኗል። ጋሽ ደምሴ «አሁን ዳስሳት» ሲሉ ጣቶቼ እጃቸውን ጭብጥ አደረጉት። ቤቱ በእልልታ ተሞላ። እኔን ላብ አጠመቀኝ። ደስታቸውን ማበላሸት አልፈለግሁም፣ በጌታ ስም መዋሸት ደግሞ ፈራሁ። «ጋሼ፣ ኮረንቲ ነው» አልኳቸው። ግርማ ነጠላውን ገልጦ አሳያቸው። እልልታው ጸጥ አለ። ጋሽ ደምሴ ግን እጄን አልለቀቁም። «ታዲያ እኔ ምን ብዬ ስጸልይ የከረምኩ መሰለሽ? የሚረዳት ሰው ላክ ብዬ አይደል? ምን ዝም ትላላችሁ፣ ቀጥሉ እንጂ» አሉ። የዚያን ቀን ከመጀመሪያው እልልታ ሁለተኛው በለጠ። ሃሌ ሉያ።

ልምምዱ ወራት ወሰደ። ማንኪያ ይወድቅብኛል፣ ግርማ ያነሳል፣ ደግሞ ይወድቅብኛል። ባለፈው ሰሞን ሳጥኑ ክንዴ ላይ እንዳለ ምሳ ቀረበ። «ግርምሽ፣ አፍህን ክፈት» አልኩት። ክንዴ እየተንቀጠቀጠ ግማሹ ጺሙ ላይ ቀረ፣ ግማሹ ገባ። በአደጋው ቀን እንኳ እንባ ያላየሁበት ሰው እያኘከ አለቀሰ። ውጦ ሲያበቃ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንድ ጉርሻ ያጣላል።» «ደክሞኛል» አልኩት። «ግዴለም፣ እጠብቃለሁ» አለኝ። ወጡ ቀዘቀዘ፣ እሱ ግን አልበላም። ለዚህ ሰው ስንት ዘመን የጎረስኩትን ልመልስ ነውና እንደምንም ደገምኩት። ጌታ ይመስገን፣ ሁለተኛው ከነወጡ ገባ።

ወገኖቼ፣ ሹሩባ አልሠራም። ነገም ልሠራ አልችል ይሆናል። ግን ያልጣለኝን ጌታ አግኝቻለሁ። በጸሎት መጣልኝ፣ በነኢማ እጅ መጣልኝ፣ በሽቦም መጣልኝ። እናንተም በመጣላችሁ መንገድ ተቀበሉት፣ ፊታችሁን አታዙሩበት። እጁ የዛለበት፣ ተስፋው የራቀው ካለ ስንወጣ ወደ እኔ ይምጣና እንጨባበጥ። ስጨብጥ ቀስ ብዬ ነው፣ ታገሡኝ። ስለቅም ቀስ ብዬ ነው።