የባዶ መኪና ፍሬን

ባለፈው ወር አውሮፕላናችን ጅማ ለማረፍ ዝቅ ሲል ወንበሬ ክንፉ አጠገብ ነበር። የክንፉ የኋላ ጠርዝ ቀስ እያለ ወደ ታች ተዘረጋ፤ ጎማው መሬት እንደነካ ደግሞ ክንፉ ላይ ተኝተው የነበሩት ሳንቃ የሚመስሉ ብረቶች ብድግ አሉ፣ አውሮፕላኑ ጎማው ላይ ከበድ ብሎ ተቀመጠ፣ ፍሬኑም ወደ ፊት ገፋን። አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ኧረ ክንፉ ተነቀለ!» ብለው ክንዴን ጨመደዱኝ። «አይዞዎት፣ ፍሬኑ እንዲይዝ ነው» አልኳቸው። ልቤ ግን አሥረኛ ክፍል ወደተማርኩባት ቦንጋ ተመልሶ ነበር።

አባቴ ጋሽ ወልዴ ኤንትሬ የምትባል አሮጌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነውም የእኛ መንገድ ያው ጭቃ ነበር። ማታ እግሩን ታጥቦ እራት ሲቀርብ «ዛሬስ ምን ተማርሽ?» ይለኛል። ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ላይ ትቶ ስለወጣ የነገርኩትን ሁሉ ከመኪናው ጋር ያዛምደዋል፤ ደም ዘይት ነው፣ ኩላሊት ፊልትሮ ነው፣ ሆድ እንኳን ከነዳጅ ጋን አያልፍም።

የፊዚክስ መምህራችን መምህር ይበልጣል ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ የቦንጋን ዝናብ አምኖ ስለማያውቅ በጠራራ ፀሐይም ቦቲ ጫማ የማያወልቅ ሰው ነበር። አንድ ቀን አውሮፕላን ካረፈ በኋላ በምን እንደሚቆም ጠየቀን። እኔ ቀድሜ ተነስቼ «በፍሬን ነዋ! አባቴ ነግሮኛል» አልኩ። «ፍሬን ብቻማ ቢሆን ሜዳውን አልፎ ጫካ ይገባ ነበር» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰሌዳው ላይ ክንፍ ስሎ ስለ ሳንቃዎቹ አስረዳ፤ እኔ ግን ከሳቁ በቀር አንድም ነገር አልሰማሁም።

ማታ አባቴ እንደልማዱ ሲጠይቀኝ «ከአራተኛ ክፍል የወጣህ ሰው፣ አንተ ምን ታውቅና ነው የምታዋርደኝ?» አልኩት። እናቴ ደነገጠች። እሱ ጉርሻውን መለሰና እጁን ታጠበ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምን እንደተማርኩ አልጠየቀኝም።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ቡና ሊጭን ባዶ መኪናውን ይዞ ወደ ዋጫ ከተማ ሲወጣ መምህር ይበልጣል ጓደኛውን ሊጠይቅ ተሳፈረ፤ እኔም አክስቴ ጋ ስለምሄድ መሀላቸው ተቀመጥኩ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ወንዙ ጋ የሚወስደው ቁልቁለት ላይ አባቴ ፍሬን ሳይነካ በከባድ ማርሽ ብቻ ይወርዳል። መምህሩ በሩን ጨብጦ «ጋሼ፣ ፍሬን የላትም እንዴ?» አለ።

«ፍሬንስ አላት። ባዶ ናት እንጂ፣ መምህር። ባዶ መኪና ጭቃ ላይ ፍሬን ቢይዙባት ጎማው ይቆማል፣ መኪናዋ ትሄዳለች። ጭነት ሲኖራት ነው መሬት የምትነክሰው።»

መምህሩ ጉልበቱን መታ። «ይኸው ነው እኮ! አውሮፕላን እንዳረፈ ክንፉ ገና ተሸክሞታል፣ ጎማው ላይ ክብደት የለም። ሳንቃዎቹ የሚነሱት ክንፉ ሸክሙን ጎማው ላይ እንዲጥል ነው፤ ያኔ ፍሬን ይይዛል።»

አባቴ ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ራሱን በራሱ ይጭናላ!» አለ። እኔ አቀርቅሬ ጫማዬን አየሁ።

ሰኞ መምህር ይበልጣል ሰሌዳው ላይ ባዶ መኪና ስሎ፣ ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ ወልዴ ናቸው ብሎ ጀመረ። ማታ አባቴ እስኪጠይቀኝ አልጠበቅኩም፤ «አባዬ፣ ዛሬ ያንተን ነው የተማርነው» አልኩት። ወደ እናቴ ዞሮ «ሰማሽ? አራተኛ ክፍልም ያስተምራል» አለና እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ እኛም አብረን ሳቅን።

ዛሬ መንገዱ አስፋልት ሆኗል፤ ቁልቁለቱን በዓይኑ የሚመዝን ሾፌርም ብዙ አይገኝም። አባቴ አውሮፕላን ሳይሳፈር አረፈ። እኔ ጥሩ ኑሮ ኖሬያለሁ፣ አላማርርም። ያን ማታ ስለሳቀ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ «ይቅር በለኝ» ሳልለው ቀረሁ፤ እሱም ይቅር ለማለት እስክለምነው የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛልም፣ ያመኛልም።