ሳይባረክ አይተኮስም

እናቴ አካላ ስዊድን እኔ ዘንድ ከመጣች ጀምሮ ሥጋ የሚባል ነገር አልቀመሰችም። ማን እንዳረደው፣ ማን እንደባረከው የማይታወቅ የሱቅ ሥጋ ለእሷ በክት ነው። በምስርና በጎመን ከስታ ቀሚሷ ሲሰፋባት አየሁ። ስለዚህ በገዛ እጄ ገድዬ ላበላት ቆረጥኩ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። አብሮኝ አውቶቡስ የሚነዳ አንድ ስዊድናዊ ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ የማደኛ መሬት ነበረው። እኔም የአደን ፈቃዴን አውጥቼ ስለነበር በጥቅምት፣ በአጋዘን የስሪያ ወራት ይዞኝ ሄደ። የምንገድለው አንድ አውራ ብቻ ነው፤ ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ከጣልክ ሁለተኛ አላመጣህም አለኝ። በዚህ ወቅት የአውራ ሥጋ እንደሚሸትም አስጠነቀቀኝ። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ባለበት ቤት ምን ሽታ አለ ብዬ ናቅሁት።

ሽማግሌ ለመለየት ደግሞ አስተማሪ አልፈልግም። ቀንድ ያታልላል፤ አንገትና ሆድ ግን አይዋሹም። ጎረምሶቹ ሴቶቹን እየተከተሉ ይራወጣሉ። ሽማግሌው ግን በኮቴው ቆፍሮ በሽንቱ ያራሰው ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ፣ አንገቱ እንደ ግንድ ወፍሮ ያጓራል። ፈላጊዎቹ ራሳቸው ይመጡለታል።

እናቴ በሆድህ ሳይሆን በአፍህ ባርክ ብላኝ ነበርና፣ ጠመንጃውን ደግኜ ድምፄን አውጥቼ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አልኩ። አደን ላይ ሳሉን እንኳ የሚውጠው ባልደረባዬ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ጎረምሶቹ ብን ብለው ጠፉ። አውራው ግን ጆሮውንም አላዞረም፤ ማጓራቱን ቀጠለ። ክንዴን አስለቅቄ ተኮስኩ፤ ባለበት ወደቀ። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሼ በቢላዋ አረድኩት። ባልደረባዬ ዕድሜውን ለማወቅ የአውራውን ጥርስ አይቶ፣ አንገቱን ለክቶ፣ ቁጣውን ረስቶ ጨበጠኝ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጠብሼ አቀረብኩላት። ቤቱ የአውራ ፍየል ጋጣ መስሏል፤ በርበሬው አሳፈረኝ። አንድ ጉርሻ ወስዳ ብዙ አላመጠች። አላስቻለኝም፣ ትተፋው ይሆን ብዬ ፈራሁ።

«ይሄማ ወጠጤ ወጠጤ ይሸታል» አለች። ቀጥላም «በአፍህ ባርከኸዋል?»

«አዎ እማዬ።»

ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው። እኔ ከሁለተኛው ጉርሻ ማለፍ አቃተኝ፤ እሷ አጥንቱን ሳይቀር ጋጠችው።