ከጉና ላይ የተነፋ ፊሽካ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ንፋስ መውጫ ላይ የስፖርት ኃላፊው አንድ ኳስና አንድ የሩጫ ሰዓት አስረከቡኝ።

«እኔ እኮ የረጅም ርቀት አሰልጣኝ ነኝ፤ ኳሱ ምን ያደርግልኛል?» አልኳቸው።

«ያለን እሱ ነው። ሲደክማቸው ይጫወቱበት» አሉኝ። ሰዓቱም ባትሪ አልነበረውም።

የመሮጫ ሜዳ ስላልነበረን ጉና ተራራ ላይ ነበር የምንሮጠው። ለሳንባ ከጉና የተሻለ ቦታ አላየሁም። ግን ጉና ጠባዩ አይታወቅም። ጧት ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ከቀትር በኋላ ጉም ሲወርድ ከፊትህ የቆመው የጅብራ ተክል ይሁን ሰው አትለየውም። በረዶ ከጣለ ደግሞ ላብ ያጠመቀው ካናቴራ ገላ ላይ እንደ ቆርቆሮ ይደርቃል። ብርድ ሰው የሚገድለው ያኔ ነው።

ስለዚህ ከማዳበሪያ ከረጢት የወገብ መታጠቂያ አሰፋሁ። ውስጡ ሰው የሚጠቀልል ላስቲክ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ጨው የገባበት በሶና ፊሽካ ይገባል። ውሃ በእጅ ይያዛል። ይህን ሳይታጠቅ ከእኔ ጋር ተራራ የሚወጣ ሯጭ የለም።

ኃላፊው አይተው ሳቁ። «አንተ የምታሠለጥነው ሯጭ ነው ወይስ ሲራራ ነጋዴ?»

«ብርዱ አይለያቸውም» አልኳቸው።

ልጆቹም ከእሳቸው አይሻሉም ነበር። ይከብደናል እያሉ መታጠቂያውን መነሻው ላይ ድንጋይ ሥር ደብቀው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ታጥቀው ይመጣሉ። እኔ ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። የደበቀውን ሳምንቱን ሙሉ ከልምምድ አስቀረዋለሁ። ከኋላዬ «ጋሼ ስንቁ» ይሉኛል። ይበሉኝ።

ከመካከላቸው ጎበዟ ይታይሽ ነበረች። አባቷ አያ ሞላ በጉና ግርጌ በእስቴ በኩል ገብስ የሚያርሱ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው። ልጂቱን ፍቀዱልኝ ብዬ ደጃቸው ሄድኩ። «በእግሯ ወስደሃታል፣ በእግሯ መልሳት» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

በመጋቢት አቦ ዕለት ረጅሙን መንገድ ወጣን። እኔ ታች ጥርጊያው መንገድ ላይ ሆኜ እጠብቃለሁ። ጉሙ እንደወረደ በረዶ ተከተለ። ልጆቹ አንድ በአንድ እየተንቀጠቀጡ ወረዱ፤ ይታይሽ የለችም።

«ይታይሽስ?»

«ከፊታችን ነበረች፤ ቀድማ የወረደች መስሎን» አሉ።

ፊሽካዬን ነፋሁ። ከላይ ቀጭን ፊሽካ መለሰልኝ፤ ግን ነፋሱ ወዲያና ወዲህ እያደረገው ከየት እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ከተራራው ሥር መንደር አለ። ሰው ሰምቶ ወጥቶ ይሆናል ብዬ ልጆቹን አስከትዬ እየነፋሁ ወደዚያው ሮጥኩ።

መንደሩ ግን ጭጭ ብሏል። ጭስ በየጣራው ይወጣል፣ በሩ ሁሉ ዝግ ነው። አንዱ ደጅ ቆሜ ብነፋ ከውስጥ መወርወሪያ ሲገባ ሰማሁ። በሩን ደበደብኩ።

«በአቦ ቀን አንወጣም!» አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ። «ቅጣቱን ጻፉ፣ እንከፍላለን።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ወሩ የእርከን ሥራ ዘመቻ ነው። ሰው ተራራውን እንዲቆፍር በፊሽካ ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። የዚያ መንደር ሰው ደግሞ በአቦ በዓል አካፋ አናነሳም ብሎ ተማምሎ ቤቱን ዘግቷል።

«የእርከን ሰው አይደለሁም!» አልኩ። «ልጅ ተራራ ላይ ቀርታብኛለች። የምትሰሙት ፊሽካ የሷ ነው።»

በሩ ተከፈተ። የከፈቱልኝ ሽማግሌ ቄስ አድማሴ ይባላሉ፤ የደብሩ አገልጋይ ናቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

«ከቀትር ጀምሮ እየሰማናት ነው እኮ» አሉ። «እየሰማን ዘጋንባት።»

«አባ፣ አሁን ይውጡልኝ» ስላቸው ጋቢያቸውን እየጎተቱ ጉብታው ላይ ወጡና «ያገር ያለህ! ያገር ያለህ!» ብለው ጮኹ። እኛ አገር ይህን ሰምቶ ቤቱ የሚቀር የለም። በሩ ሁሉ ተበረገደ። ወንዱ በትሩን፣ ሴቱ ጋቢና በገል የተያዘ ፍም ይዞ ወጣ። ነገሩ ሲነገራቸው አንዲት ሴት ደረቷን መታች።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያወራ ቄሱ ዝም አሰኟቸው። «ንፋ» አሉኝ። ነፋሁ። ከላይ መለሰች። እኔ አሁንም ከየት እንደሆነ አልለየሁም፤ እነሱ ግን ድምፅ በየትኛው ሸለቆ እንደሚመለስ ያውቃሉ። «ከጓሳ ሣሩ በታች ነው፣ ከገደሉ ጥግ» ተባባሉና ወጡ።

ይታይሽ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባት ቋጥኝ ሥር ላስቲኩን ተጠቅልላ፣ ኮፍያውን እስከ ጆሮዋ ስባ ተቀምጣለች። ፊሽካውን በጥርሷ ነክሳዋለች፤ መንጋጋዋ ከብርዱ የተነሳ አልላቀቅ ብሎ እኔ ነኝ ቀስ ብዬ ያወጣሁላት። ቄሱ ጋቢያቸውን ደረቡላት፣ ፍሙን አጠገቧ አደረጉ። ስትናገር መጀመሪያ ያለችው «ጋሼ፣ እዚህ አገር ሰው የለም እንዴ?» ነበር።

እኔ ሰው መሀል ቆሜ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

መንደሩ አሳድሮን በማግስቱ በቅሎ ሰጠን። አያ ሞላ ደጅ ስንደርስ «አውርዱኝ» አለች። እምቢ ብላት አልሰማችኝም፤ ወርዳ እያነከሰች ገባች። አባቷ ወሬው ቀድሞ ደርሷቸዋል። እግሯን አዩ፣ እኔን አዩ። «ግቡ» አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ወደዚያ ደብር ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ቄስ አድማሴ ሕዝቡን አስቆሙና ንፋ አሉኝ። ረጅም ረጅም አድርጌ ሦስት ጊዜ ነፋሁ። «ይህ የልጅ ድምፅ ነው፤ የሰማ እንዳይተኛ» አሉ። ከዚያ ወዲህ በእስቴም ሆነ በስማዳ አዲስ የሩጫ መንገድ ስንከፍት መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሄደን ፊሽካውን እናሰማለን፤ ሩጫው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዓመታት በኋላ ሰውን ለእርከን ሥራ የሚጠራው የግብርና ባለሙያ ንፋስ መውጫ ላይ አገኘኝና ተቆጣኝ። «እዚያ መንደር ፊሽካ ብነፋ ሰው አካፋውን ትቶ ጋቢና ፍም ይዞ መጣብኝ። አሁን በጡሩምባ ነው የምንጠራቸው።»

ሳቅሁበት። ሥራውን ለተረከባችሁኝ አሰልጣኞች የምለው ይኸው ነው፦ ለሯጩ ፊሽካ ከመስጠታችሁ በፊት ፊሽካውን ከሚሰማው ሰው ጋር አስተዋውቁት።