የእርቦ እኩሌታ

ሮቤ ውስጥ አምስተኛ ክፍል ሂሳብ አስተምራለሁ። ልጆቹ በየዓመቱ ያችኑ ስህተት ይሳሳታሉ፦ 0.125 ከ0.25 ይበልጣል ይላሉ። ለምን ስላቸው፣ «ቲቸር፣ መቶ ሃያ አምስት ከሃያ አምስት አይበልጥም እንዴ?» ይሉኛል። አንጀቴ እርር ይላል።

አባቴን ግን በክፍልፋይ ማንም አይደርስባቸውም ነበር። ገሰራ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው መሬት በሲሶና በእርቦ አርሰዋል። ከምርቱ ከሦስት አንዱ ሲሶ፣ ከአራት አንዱ እርቦ ነው። አራት ከሦስት ቢበልጥም እርቦ ከሲሶ እንደሚያንስ፣ «ሆዴ ነው ያስተማረኝ» ይሉ ነበር። ቁጥር የለዩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለ ነጥብ ግን ማንም አላስተማራቸውም።

ልባቸው ሲደክም እኔ ዘንድ አመጣኋቸው። 0.25 የሚል ክኒን በቀን አንድ ይውጡ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጎባ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራቸው፤ እኔ ልጆቹን እየፈተንኩ ስለነበር ብቻቸውን በሚኒባስ ሄዱ። ሐኪሙ መጠኑን ቀንሶ 0.125 ብሎ ጻፈላቸው፤ ነገራቸውም። ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ አልሰማሁም ማለት ደግሞ ሞታቸው ነው።

ከሰዓት ደብተር ሳርም ወረቀቱንና የክኒኑን ማሸጊያ ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ከዚህና ከዚህ የትኛው ይበልጣል?»

አርባ ደብተር አርሜ አርባ ጊዜ ተናድጃለሁ። ቀና እንኳ ሳልል፣ «አባባ፣ በእግዚአብሔር ይተዉኝ! ይህንኑ ስለፈልፍ ነው የዋልኩት!» አልኳቸው።

«እሺ፣ እሺ» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ወጡ። ዳግመኛ አልጠየቁኝም።

በሦስተኛው ቀን ያስመልሳቸው ጀመር። ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ወደ ጎባ ስንሄድ፣ ትከሻዬን ተደግፈው ሜዳውን ያያሉ።

«ገብሱ ደረሰ እንዴ? ሁሉም ቢጫ ሆነብኝ» አሉኝ።

ገብሱ ገና ለምለም ነበር።

ሐኪሙ ሁሉም ቢጫ እንደሚታያቸው ሰምቶ በቀን ስንት ክኒን እንደዋጡ ሲጠይቃቸው፣ በዚያ ድካማቸው ኮራ ብለው፣ «አምስት። አንዲትም አላጎደልኩ» አሉት። ያኔ ነው የገባኝ። አምስት ጊዜ ሃያ አምስት፣ መቶ ሃያ አምስት። ወይኔ ልጅቱ! ብቻቸውን ቁጭ ብለው፣ ማንንም ሳያስቸግሩ አስበውታል። መዋጥ የነበረባቸው የአንዲቷን ክኒን ግማሽ ነበር።

በማግስቱ አረፉ።

አሁን 0.25 ሰሌዳ ላይ ስጽፍ «እርቦ» እላለሁ። ከጎኑ 0.125 እጽፍና «የእርቦ እኩሌታ» እላለሁ። የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል። አባባማ ከእነሱ ፈጥኖ ይገባቸው ነበር። ሁለት ቃል ነበር እኮ፤ ቃሎቹም የእሳቸው ነበሩ። እኔ ግን ቀና አላልኩም።