የሰቀልኳቸውን ሦስት ባነሮች ፍለጋ

ቅዳሜ ጠዋት 2፡00፣ አስኮ

ዛሬ ከቤት የወጣሁት የገዛ እጄን ሥራ ፍለጋ ነው። ከስድስት ወር በፊት ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ብዬ «ወንዛችንን እንጠብቅ፤ ቆሻሻ አንጣል» የሚል ጽሑፍ በሦስት ትልልቅ ባነሮች አሳትሜ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ሦስት ቦታ ሰቅዬ ነበር። የምማረው የአካባቢ ትምህርትና ተግባቦት ነው። ስለ ቆሻሻ ለማስተማር ይህን ሁሉ ላስቲክ ማሳተሜ ያኔ ትዝም አላለኝ።

መጠይቅ የሞሉልኝ ሰዎች በሙሉ ባነሩን እንዳዩትና በመልእክቱ እንደሚስማሙ መልሰዋል። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ለአማካሪዬ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ሁሉም ከተስማማ ወንዙ ለምን አልጸዳም? ሄደሽ አይተሻል?» አሉኝ። አላየሁም። ሰኞ የውጤቱን ምዕራፍ ካላስረከብኩ መመረቄ ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል፤ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ያገኘሁት ፈቃድ ደግሞ እስከዚያ አይቆይልኝም። ቢሆንም ያላየሁትን አልጽፍም ብዬ ቆርጬ ተነሣሁ።

3፡30፣ አየር ጤና

ከአስኮ ዊንጌት፣ ከዊንጌት ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ አየር ጤና። በመጨረሻው ታክሲ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ሆነን ነው የመጣነው። ርቦኝ ስለነበር ፌርማታው አጠገብ ቃሪያ የበዛበት እርጥብ ቆሜ በላሁ።

ባነሬን ያሰርኩበት የስልክ እንጨት ባዶውን ቆሟል። ትንሽ ራቅ ብሎ ባለ ጋራዥ ውስጥ ግን አንድ መካኒክ ሚኒባስ ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል። የተኛበት ላስቲክ ጫፍ ላይ «ወንዛችንን» የሚለውን አነበብኩ።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ነፋስ ጥሎት አግኝቼ ነው እህቴ። ያንቺ ነው እንዴ?» አለ እየተንሸራተተ ወጥቶ።

«የኔ ነበር። የተቃጠለውን ዘይት የት ነው የምትደፉት?»

በአገጩ ወደ ወንዙ ወደሚወርደው ቦይ ጠቆመኝ። ወዲያው ያፈረ መሰለኝ፤ «ከፈለግሽ ውሰጂው» አለኝ።

«ተወው፣ ጀርባህን ይበርድሃል» አልኩት። ተናድጃለሁ፤ በእሱ ግን አልነበረም።

6፡00፣ ቤቴል

ሁለተኛውን ባነር የሰቀልኩት በአንድ ትምህርት ቤት አጥር ላይ ነበር። አጥሩ ላይ ምንም የለም። ሽማግሌውን ጥበቃ ጠየቅኳቸው።

«አለ እንጂ ልጄ» አሉና ከጥበቃ ቤታቸው ተጣጥፎ በሲባጎ የታሰረ ባነር ይዘው ወጡ። እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። «እንግዶች ሲመጡ እሰቅለዋለሁ፤ ሲሄዱ አወርደዋለሁ። ፀሐይ ላይ ከዋለ ቀለሙ ይለቃል።»

እንዲህ ኮርተው ሲያሳዩኝ ምን እላለሁ? አመስግኛቸው እስከ አስፋልቱ እየሳቅኩ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ ሳቁ ለቀቀኝ።

9፡30፣ ተመልሼ አስኮ

ሦስተኛውን ያገኘሁት ከኛ ቤት ቁልቁል፣ ድልድዩ አጠገብ ነው። አትክልት የሚሸጡት እትዬ ከድጃ ጽሑፉን ወደ ታች አድርገው ለጉልታቸው ጣራ አድርገውታል። ዝናብ ጀምሮ ስለነበር አጠገባቸው ተጠለልኩ። ከተራገፈው ጎመን የወደቀው ቅጠል ወደ ወንዙ ይወርዳል።

«እትዬ፣ እላይ ያለውን አንብበውታል?»

«ስድስት ወር ሙሉ ሥሩ ተቀምጬ? በቃሌ ይዤዋለሁ እንጂ» አሉኝ። «አንጣል ይላል። እሺ፣ አልጣልኩም። የት ላድርገው?»

«የሚሰበስቡ ልጆች ይመጣሉ እኮ።»

«ማክሰኞ ነው የሚመጡት። እኔ ጎመን የማራግፈው ቅዳሜ ነው። እስከ ማክሰኞ ከሸተተ ገዢ አጠገቤ ይቆማል?»

«ቅዳሜ ማታ ቢመጡስ?»

«ራሴ ተሸክሜ አወጣላቸዋለሁ። እላይ በናንተ በኩልስ መቼ ነው የሚመጡት?»

አላውቅም ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ሽቅብ ወደ ቤት ወጣሁ።

11፡30፣ ቤት

እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። የጨቀየ ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ላይ ቆሜ፣ «እማዬ፣ ቆሻሻ የሚወስዱት መቼ ነው?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ሐሙስ ጠዋት ነዋ።»

«ማነው የሚያወጣው?»

«እኔ ነኛ፤ ማን ያወጣዋል ታዲያ? አንቺ ትማሪያለሽ።»

አፈርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ቆሻሻ ስማር፣ የራሴን ቤት ቆሻሻ እናቴ ናት በጀርባዋ ስታወጣልኝ የኖረችው።

ኮምፒውተሬን ከፍቼ ስለ «ከፍተኛ ግንዛቤ» የጻፍኩትን ገጽ ሙሉ በሙሉ ሰረዝኩትና እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦ «ባነሮቹ አልሠሩም። ሰዎቹ መጣል መጥፎ እንደሆነ ከእኔ በፊት ያውቁ ነበር፤ የጎደላቸው ቆሻሻው የሚነሣበት ሌላ ቀን ነው።» ሰኞ ይህንኑ አስረክባለሁ፤ አማካሪዬ መልሰው ቢጥሉብኝም እንደገና ይዤው እሄዳለሁ። ከዚያ ሰብሳቢዎቹ ዘንድ ሄጄ ለእትዬ ከድጃ የቅዳሜውን ነገር እጠይቃለሁ።

ሐሙስ ጠዋት የቆሻሻውን ማዳበሪያ የማወጣው ግን እኔ ነኝ።